ቦርድ፦ ከጅማ ሆስፒታል እስከ ጡረታ ደብተር

ጅማና አካባቢዋ ጡረተኛ ወታደሮች ቡና ይዘው በተቀመጡበት ሁሉ አንድ ቃል ሳይነሣ አይቀርም፦ ቦርድ። «በቦርድ ነው የወጣሁት» ይላል አንዱ። «እኔንስ ቦርዱ ሁለት ጊዜ መልሶኛል» ይላል ሌላው። ቦታው ሰቶ ሰመሮም ይሁን አጋሮ ወይም ሊሙ ገነት፣ ወሬው በአማርኛም ይሁን በኦሮምኛ፣ ቃሉ ያው ነው። ከውጭ መጥቶ ቤተኛ ከሆነ ስለቆየ ትርጉሙን የሚጠይቅ የለም።

ቦርድ ማለት ጥቂት ሐኪሞች ጠረጴዛ ከበው፣ የቆሰለውን ሰው ገላና የታከመበትን ወረቀት አይተው፣ «ወደ ምድቡ ይመለስ» ወይም «ይሰናበት» የሚሉበት ጉባኤ ነው። ስብሰባው የደቂቃዎች ነው፤ ውሳኔው ግን ዕድሜ ልክ ይከተላል። ሰውየው ነገ የሚይዘው ጠመንጃ ይሁን የጡረታ ደብተር የሚለየው እዚያ ነው። ስለ ጦርነቶቻችን፣ ስለ አዝማቾቹና ስለ ድሎቹ ብዙ ተጽፏል። ስለዚህ ጠረጴዛ የተጻፈው ግን ትንሽ ነው።

ለወታደር የተሠራ ቤት

ታሪኩን ከጅማ መጀመር ያለምክንያት አይደለም። የዛሬው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል በአገሪቱ ካሉት አንጋፋ የመንግሥት ሆስፒታሎች አንዱ ነው። በ1930 ዓ.ም. ያቋቋሙት ከተማዋን ይዘው የነበሩት ጣሊያኖች ናቸው፤ ያቋቋሙትም ለራሳቸው ወታደሮች ነው። ጅማ ያኔ ወራሪው በደቡብ ምዕራብ ለዘረጋው አገዛዝ መቀመጫ ነበረች።

የጦር ሆስፒታል ከሌላው የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ሌላው ሆስፒታል የዳነውን ሰው ወደ ቤቱ ይሸኛል፤ የጦር ሆስፒታል የዳነውን የሚሸኘው ወደ ቆሰለበት ቦታ ነው። ስለዚህ የሐኪሙ ጥያቄ ሁለት ይሆናል። አንዱ «ድኗል ወይ?» ነው፤ ሁለተኛው «ይመለሳል ወይ?» ነው። የመጀመሪያውን የሚጠይቀው ለበሽተኛው ብሎ ነው፣ ሁለተኛውን የሚጠይቀው ለአዛዡ ብሎ ነው። የቦርድ ታሪክ በሙሉ በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መካከል የሚደረግ መጓተት ነው ማለት ይቻላል።

በ1933 ዓ.ም. ሰኔ ወር ጅማ ከጣሊያን እጅ ወጣች። ሆስፒታሉም ራስ ደስታ ዳምጠው ተብሎ ተሰየመ፤ አዲስ አበባ ካለው ስመ ሞክሼው ጋር ግን አይምታታ። የስሙ ባለቤት ደግሞ ከቁስለኛ ወታደር ታሪክ ጋር የቅርብ ዝምድና አላቸው። ራስ ደስታ በ1928 ዓ.ም. የደቡብ ግንባር አዝማች ነበሩ። የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን ድንኳኑን ተክሎ የሳቸውን ቁስለኞች ያክም የነበረው መልካ ዲዳ ላይ ነው። ታኅሣሥ 20 ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች መጥተው ያንን ቀይ መስቀል የተሳለበት ሰፈር በቦምብ ደበደቡት። ሊታከሙ የተኙ ቁስለኞች እዚያው አለቁ፤ ከስዊድናውያኑም አንድ ሞተ። ራስ ደስታ ራሳቸው በ1929 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ ቡታጅራ አካባቢ ተይዘው ተገደሉ። የጅማው ሆስፒታል እንግዲህ የቁስለኛ ድንኳን የደበደበው ኃይል ለራሱ ቁስለኞች ያሠራው ቤት ነው። ኋላ የወሰደው ግን ድንኳናቸው የተደበደበባቸውን አዝማች ስም ነው።

ከቦርድ በፊት

ቦርድ ሳይኖር የቆሰለው ይመለስ አይመለስ የሚለውን ማን ይወስን ነበር? ራሱ ባለቤቱና አለቃው። የዓድዋ ዘማች ስንቁን ከቤቱ ጭኖ፣ መሣሪያውን ይዞ፣ ከአገሩ ልጆች ጋር የሚሄድ ሰው ነበር። ሲቆስል የሚያነሣው ዘመዱ ወይም አሽከሩ ነው፤ አጥንቱ ሲሰበር የሚያቃናለት ወጌሻ ነው። የምኒልክ የክተት አዋጅ ጉልበት ያለውን በጉልበቱ፣ የሌለውን በጸሎቱ እንዲረዳ መጠየቁ ይታወቃል። ይህ በራሱ የአቅም ምደባ ነው፤ ብቻ መዳቢው ሐኪም ሳይሆን የእያንዳንዱ ሰው ኅሊናና የጎረቤቱ ዓይን ነበር። አቅም እያለው የቀረ ከሐሜት አያመልጥም፤ አቅም አጥቶ የቀረን የሚወቅሰው የለም።

ቁስለኛው ከተመለሰ በኋላ የሚጦረውም ዘመዱ ወይም ጌታው ነው። «ጡረታ» የሚለው ቃላችን ራሱ «ጦረ» ከሚለው የመጣ ነው፤ መጦር ማለት የደከመን ሰው መመገብና መደገፍ ነው። ዛሬ የመንግሥት ክፍያ ስም ከመሆኑ በፊት የልጅና የወዳጅ ግዴታ ነበር። ሰው «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ሲባል የሚመረቀው በዚሁ ቃል ነው።

ከዓድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. ክረምት የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን በጄኔራል ሽቬዶቭ መሪነት አዲስ አበባ ገብቶ ቁስለኞችን አክሟል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ደግሞ ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ጦርነቱ ሊፈነዳ ወራት ሲቀሩት ተቋቋመ። እነዚህ ሁሉ ማከምን አመጡ። ቦርድን ግን አላመጡም። ቦርድ እንዲኖር ከሐኪም ሌላ ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉና፦ መዝገብ፣ ደመወዝና ጡረታ። ስሙ ባልተጻፈ፣ ወር ጠብቆ በማይከፈለው፣ ሲጎዳ መንግሥት ምንም በማይቆርጥለት ሰው ላይ ቦርድ ቢቀመጥ የሚወስነው ነገር የለውም።

ደሞዝተኛው ሠራዊት

እነዚያ ሦስቱ የተሟሉት ከነጻነት በኋላ ነው። ሠራዊቱ በእንግሊዝ፣ በስዊድንና ኋላም በአሜሪካ መምህራን እየተመራ ደሞዝተኛና ባለ መዝገብ ሆነ። የጦር ሠራዊቱና የክብር ዘበኛው ሆስፒታሎች ቆሙ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሰፈር እስከ ዛሬ «ጦር ኃይሎች» የሚባለው በሆስፒታሉ ስም ነው።

ኮርያ ደግሞ ትምህርት ቤት ሆነች። ወደዚያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቆች ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፈው ሲዋጉ 121 ሰው ሞተባቸው፤ 536 ቆሰለባቸው፤ የተማረከ ግን አልነበረባቸውም። 536 ቁስለኛ ማለት 536 ጊዜ «ይመለሳል ወይ?» ተብሎ መጠየቅ ማለት ነው። ጥያቄው ይነሣ የነበረውም የሰውን አቅም በፊደልና በቁጥር መመዝገብ በለመደ ሠራዊት ውስጥ ነው። ካናዳውያን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀምረውት አሜሪካኖች በወሰዱት ዘዴ እያንዳንዱ ወታደር በስድስት ረድፍ ይመዘናል፦ አጠቃላይ የሰውነት አቅም፣ እጅና ትከሻ፣ እግርና ወገብ፣ ጆሮ፣ ዓይን፣ የአእምሮ ሁኔታ። ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 4 ቁጥር ይሰጣል። 1 እንከን የለሽ ነው፤ 4 ያገኘ ለውትድርና አይሆንም ማለት ነው። የዘዴው ብልሃት አንድ ሰው «ደህና» ወይም «ደህና ያልሆነ» ብቻ እንዳልሆነ ማሳየቱ ነው። እግሩ የተጎዳ ሰው ጆሮው 1 ሊሆን ይችላል፤ እሱን ከመሸኘት ሬዲዮ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል።

ሐሳቡ ከዚያም በፊት የነበረ ነው። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1670 ለአካል ጉዳተኛ ወታደሮች ፓሪስ ላይ ትልቅ ማረፊያ እንዲሠራ ወሰኑ። አሜሪካኖች በእርስ በርስ ጦርነታቸው ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1863፣ ከግንባር የማይሆኑ ቁስለኞችን በአንድ ጓድ ሰብስበው መጋዘንና ሆስፒታል አስጠበቁ። አንዱ አገር አሳረፈ፣ አንዱ አገር ሌላ ሥራ ሰጠ። የቦርድ ፍርድ መልካም የሚሆነው ከሁለቱ የቱ እንደሚሻል ለእያንዳንዱ ሰው ለይቶ ሲያውቅ ነው።

በእኛ አገር ሦስተኛው የቦርድ እግር፣ ጡረታ፣ የተተከለው በ1955 ዓ.ም. ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1955 የመንግሥት ሠራተኛውን፣ ወታደሩንና ፖሊሱን በአንድ የጡረታ ሕግ ሥር አመጣ። ከዚያ ወዲህ የሐኪም ፊርማ ገንዘብ ሆነ። መጦር ከዘመድ ግዴታነት ወጥቶ በማኅተም የሚረጋገጥ መብት ሆነ።

ጠረጴዛው ላይ

ቦርድ ፊት የሚቀርብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ትኩስ ቁስለኛ አይደለም። ቁስሉ ሽሯል፣ ጂፕሱ ተፈቷል፣ የማገገሚያ ጊዜው አልቋል። የቀረው ነገር መሻሉ ወይም አለመሻሉ ነው። የውሳኔው ዓይነት በየአገሩ ስሙ ቢለያይም አራት ነው፦ ብቁ ነው ይመለስ፤ ከቀላል ሥራ ጋር ይቆይ፤ ሕክምናውን ጨርሶ እንደገና ይታይ፤ ወይም ይሰናበት።

ጉዳዩን የሚያከብደው ግን የሕክምናው ጥያቄ ብቻ አይደለም። በጡረታ ሕጋችን ትልቁ መለያ ጉዳቱ የት እንደደረሰ ነው። በአዋጅ ቁጥር 714/2003 መሠረት በሕመም ምክንያት ብቻ ለአገልግሎት የማይበቃ ሆኖ የሚሰናበት ሰው የዕድሜ ልክ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ነበረበት፤ ከዚያ በታች ያገለገለ ዳረጎት ተቀብሎ ይሄድ ነበር። ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ ከሆነ ግን ዓመት አይቆጠርበትም። ስለዚህ ቦርድ ፊት የቆመ ወጣት ወታደር ዕጣ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው ቆስሎ በወደቀበት ቀን ማን ምን ብሎ ጻፈ በሚለው ነው። በጭስና በጩኸት መሐል ያልተጻፈች አንዲት መስመር ከአሥር ዓመት በኋላ የአንድ ቤት እንጀራ ትሆናለች። ነባር ወታደሮች ወጣቱን «ወረቀትህን ያዝ» የሚሉት ለዚህ ነው።

በጠረጴዛው ማዶና ወዲህ ሁለት ዓይነት ፈተና አለ። አንዳንዱ ወታደር ጓዶቹን ላለመለየት፣ ደሞዙን ላለማጣት ወይም በክብር ብሎ ሕመሙን ይደብቃል። ሌላው ደግሞ ለመውጣት ያጋንናል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብንልም፣ የደበቀውን ሰው ምክንያት ሳይጠይቁ መፍረድ አይገባም። ሐኪሙም ከፈተና ነጻ አይደለም፤ አለቃው ሰው ጎድሎበታል፣ በሽተኛው ደግሞ ዓይኑን እያየው ነው። ጉባኤው በአንድ ሐኪም እንዳይሠራ የተደረገው ለዚህ ነው። አንዱ ቢያዝን ሌላው ይመዝናል፤ አንዱ ቢጨክን ሌላው ይጠይቃል።

በተለይ የሚያስቸግረው የማይታይ ጉዳት ነው። እግር የሌለውን ሰው ቦርድ አይከራከረውም። ፈንጂ አጠገቡ ፈንድቶ፣ ጭንቅላቱ ሳይደማ የተናወጠው ሰው ግን አቋሙም ንግግሩም ደህና ይመስላል። እንዲህ ያለውን ሰው ተኝቶ ወይም ተቀምጦ ሲመረምሩት ያልፋል። ስለዚህ በቅርብ ዓመታት በሌላው ዓለም የጦር ሐኪሞች ሁለት ሥራ አንድ ላይ እያሠሩ መፈተን ጀምረዋል፤ እየተራመደ የተነገረውን ቃል እንዲይዝ፣ እየታጠፈና እየተነሣ አካባቢውን አይቶ እንዲናገር ያደርጉታል። አንዱን ብቻ ሲሠራ የማይታየው ድካም ሁለቱ ሲደራረቡ ይወጣል። ጦር ሜዳ ደግሞ ማንም ሰው አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራበት ቦታ አይደለም። የአእምሮ ቁስልም እንዲሁ ነው፤ እንቅልፍ የሚነሣው፣ የበር ድምፅ የሚያስደነግጠው ሰው በልብ ማዳመጫ አይያዝም።

ቁጥሩ ሲበዛ

የንጉሡ ዘመን ሲያበቃ ሠራዊቱ ከ40 ሺህ ብዙም ያልዘለለ ነበር። ከሶማሊያ ጦርነት በኋላና በሰሜኑ ውጊያ ዓመታት ወደ ግማሽ ሚሊዮን ደረሰ። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉትን ለ6 ወር ሥልጠናና ለ2 ዓመት አገልግሎት ጠራ። ከቡና ማሳም፣ ከትምህርት ቤትም፣ ከሱቅም ልጆች ሄዱ። ጥቂት መቶ ቁስለኛ እንዲያይ የታሰበ ሥርዓት በአሥር ሺዎች ፊት ቆመ። በዚያው ዘመን ለአካል ጉዳተኛ ወታደሮች ጀግኖች አምባ ተቋቋመ። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴም እ.ኤ.አ. በ1979 የሰው ሠራሽ አካልና የተሃድሶ ሥራውን ሲጀምር ኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ አገሮች አንዷ ነበረች። የሰው ሠራሽ እግር መምጣት ለቦርድም ጉዳይ ነው፤ ትናንት «አይራመድም» የተባለው ዛሬ ይራመዳልና።

ጅማ ደግሞ በ1970ዎቹ አጋማሽ ሌላ መንገድ ያዘች። የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተከፈተባትና ያ የጣሊያን ወታደሮች ሆስፒታል ቀስ በቀስ የሐኪም ማሠልጠኛ ሆነ። ኢንስቲትዩቱ የታወቀበት አንድ ልማድ አለው፤ ተማሪዎቹን ከሆስፒታሉ አውጥቶ ወደ ገጠሩና ወደ ቀበሌው ይልካል። በሽተኛውን አልጋ ላይ ብቻ ሳይሆን ቤቱ፣ ማሳውና ውኃ የሚቀዳበት ድረስ ሄዶ ማየትን ያስተምራል። በ1992 ዓ.ም. ከግብርና ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ሐኪምና የግብርና መምህር በአንድ ዩኒቨርሲቲ መዋላቸው ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ትርጉም አለው፤ ከታች እመለስበታለሁ።

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ወደ 455 ሺህ የሚጠጋ ሠራዊት በአንድ ጊዜ ተበተነ። የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ወዲያው በሰኔ ወር ሥራ ጀመረ። እዚህ ላይ ጥያቄው ራሱ ተገለበጠ። ለሃምሳ ዓመት ሲጠየቅ የኖረው «ወደ ሠራዊቱ ይመለሳል ወይ?» ነበር። አሁን የሚመለስበት ሠራዊት የለም። ስለዚህ «ወደ ምን ይመለሳል?» ተባለ። ከመንደሩ ለሚገባው የእህል ራሽን፣ ዘርና የእርሻ መሣሪያ ታሰበ፤ ለከተሜው ሥልጠናና ሥራ። ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላም ወደ 148 ሺህ ወታደሮች ተመሳሳይ መንገድ ሄዱ። በ2015 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ደግሞ 371,971 የቀድሞ ታጣቂዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ የመመለስ ሥራ ተረክቧል። ከእነዚህ ውስጥ አካሉ የጎደለው፣ ጆሮው የደነቆረው፣ እንቅልፍ ያጣው ሁሉ አለ።

ቡናው መሐል

አሁን ወደ ጅማ ዙሪያ እንመለስ። አንድ እግሩን ያጣ ሰው ጎማ ወይም ጌራ ወዳለ ቤቱ ገባ እንበል። የቦርድ ወረቀቱ ለውትድርና እንደማይበቃ ይናገራል። እውነት ነው። ወረቀቱን ያየ ሁሉ ግን «ለምንም አይሆንም» ብሎ ያነበዋል። ሰውየውም ራሱ ቀስ በቀስ እንዲያ ያነበዋል።

የቡና ሥራ ግን አንድ ሥራ አይደለም። በተዳፋት ላይ ከዛፍ ዛፍ እየተዘዋወሩ እሸት መልቀም እግር ይጠይቃል። እሸት መረከቢያ ሚዛን ላይ ቆሞ ኪሎ ማንበብና ደረሰኝ መቁረጥ ዓይንና ጣት ይጠይቃል። በማጠቢያ ጣቢያ የማስጫ አልጋ ላይ የተሰጣውን ማገላበጥ እጅ ይጠይቃል። መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ብልሹውን ፍሬ ከደህናው መለየት ትዕግሥት ይጠይቃል። ጀንፈል ገዝቶ፣ አስፈልፍሎ መሸጥ ደግሞ ከሁሉ በላይ ሒሳብና ሰው ማወቅ ይጠይቃል። አንድ እግር ያጣ ሰው ከእነዚህ ውስጥ የሚያቅተው አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ነው። ጭንቅላቱ የተናወጠ ሰው ደግሞ በተቃራኒው ይሆናል፤ መልቀም ይችላል፣ ሒሳቡ ግን ሊያደክመው ይችላል። ይህን ለይቶ የሚነግር ሰው በአቅራቢያው ከሌለ ሁለቱም እኩል ከደጃፍ ይቀመጣሉ።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ቦርድ በኢትዮጵያ በኖረበት ዘመን ሁሉ ግማሹን ሥራ በሚገባ ለመሥራት ሞክሯል፤ የማይቻለውን መዝግቧል። የሚቻለውን አልመዘገበም። ያ ስድስት ረድፍ ያለው የወታደር መለኪያ እንኳ የተሠራው ሰውየው ለጦሩ ምን እንደቀረው ለማወቅ ነው። ለቤቱ ምን እንደቀረው ለማወቅ ግን ማንም ተመሳሳይ ወረቀት አልሠራለትም። የጡረታ ሕጋችንም ጉዳቱን በመቶኛ ይለካል፤ ከ10 በመቶ ያላነሰ ከሆነ ይቆጥረዋል። የተረፈውን 60 ወይም 90 በመቶ ግን ስም አልሰጠውም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። የስንብት ወረቀቱ ላይ አንድ ተጨማሪ ክፍል ይግባ፦ ይህ ሰው ምን ይችላል? ቆሞ ስንት ሰዓት ይሠራል? ምን ያህል ይሸከማል? ማንበብና መቁጠር ያደክመዋል ወይ? ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ማን ያየዋል? ይህን ክፍል የሚሞላው ሐኪም ብቻ መሆን የለበትም፤ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያውና የሥራውን ጠባይ የሚያውቅ ሰው አብረው ይቀመጡ። በጅማ ለዚህ የሚያስፈልገው ሰው ሁሉ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አለ። ሐኪሙም፣ ቡናን የሚያጠናው የግብርና ባለሙያም፣ ከቤት ወደ ቤት መሄድን የተማረው ተማሪም እዚያው ናቸው።

ቤተሰብም ድርሻ አለው። ከግንባር የተመለሰን ልጅ የሕክምና ወረቀቶች ሰብስቡ፤ የቆሰለበት ቀንና ቦታ የተጻፈበትን ከሁሉ አስቀድማችሁ ፈልጉ፤ ቅጂ አስነሡና አስቀምጡ። ዝም ካለ ዝምታውን እንደ ጤና አትቁጠሩት።

በ1930 ዓ.ም. በጅማ የተተከለው ሆስፒታል ሰውን አክሞ ወደ ጦርነት ለመመለስ የተሠራ ነበር። ዛሬ በዚያው ሆስፒታል በር የሚገባው ሰው በአብዛኛው ገበሬ፣ እናትና ሕፃን ነው። አክሞ የሚመልሰውም ወደ ቤቱ ነው።